የሐሙስ ከሰዓት እልልታ

ጉራ ነው ካላችሁም በሉ፤ ጣልያን አገር ከወጡት የሮክ ሸክላዎች አንዷ ያለ እኔ አትወጣም ነበር። ይሄን ለልጆቼ ስነግራቸው «ፓፓ፣ ባስታ» ብለው ያቋርጡኛል፤ አማርኛው ሲረዝም ይደክማቸዋል። ባለፈው እሁድ ግን ምስክር አገኘሁ። ከባለቤቴ ከየሺ ጋር ፖርታ ፖርቴሴ ገበያ ወርደን፣ እሷ የድስት ክዳን ስትፈልግ እኔ ምንም ሳልፈልግ ስንዞር፣ አንድ ሸክላ የሚሸጥ ሽማግሌ ጠረጴዛ ላይ አየኋት። ያው ጥቁር ሽፋን፣ ያው ጨለማ ላይ የተበተነ መዓት ትንንሽ ብርሃን። አዲስ ናት፣ በላስቲክ ተጠቅልላለች። ለመታሰቢያ ብለው እንደገና አትመዋት ነው። ስንተኛ ዓመቷ እንደሆነ ሽፋኑ ላይ በትልቁ ተጽፏል፤ እኔ ግን ዕድሜዬን እንዳታሰሉብኝ አልነግራችሁም። ዋጋዋን ስሰማ ሳቄ መጣ፤ ያኔ በዚህ ብር ሰው ከነሱፉ ከነጫማው ይዳርበት ነበር። ሽማግሌው ፊቴን አይቶ «ላሰማህ?» አለኝ። ወደ የሺ ዞርኩ። የድስቱን ክዳን በሁለት እጇ ደረቷ ላይ ይዛ ቆማለች። «ያሰማን» አለች። እሱ ላስቲኩን እስኪቀድ፣ ማጫወቻውን እስኪያበራ፣ መርፌዋን በጣቱ እስኪጠርግ ድረስ እኔ ሄድኩ። እግሬ እዚያው ነው ያለው፤ የሄደው ሌላው ነው።

ያኔ አገር ቤት ነገር ሁሉ የተገለባበጠበት ጊዜ ነው። ፖለቲካውን የሚያውቁት ይጻፉት፤ እኔ በደንብ የማውቀው የሱሪዬን ስፋት ነው። ከጉልበት በታች እንደ ደወል የምትከፈት ቡናማ ቤልቦተም ነበረችኝ። ስሄድ የሮማን አስፋልት እየጠረገች ነው፤ ማዘጋጃ ቤቱ ወር ጠብቆ ሊከፍላት ሲገባ አንድ ቀን አመሰግናለሁ ያላት የለም። ከላይ አንገቱ የሚታጠፍ ሹራብ፣ ከዚያ በላይ ጎፈሬ። አውቶቡስ ውስጥ ከኋላዬ የተቀመጠ ሰው መውረጃውን የሚያውቀው በግምት ነበር። ትምህርት ካላችሁኝ ስድስተኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ ተምሬያለሁ፤ ሁለት ጊዜ ስድስት አስራ ሁለት ነው፣ ጨርሻለሁ። ሮማም የመጣሁት መካኒክነት ልማር ነበር። ሞተሩን ሰሌዳ ላይ እየሳሉ ሲያስረዱኝ እንቅልፌ መጣ፣ ወጣሁ። አሎራ፣ ጉልበት አለኝና ሶር ናንዶ የሚባል ሰውዬ ጋ ዕቃ ተሸካሚ ሆኜ ገባሁ። ሶር ናንዶ አንድ አሮጌ ካሚዮን፣ አንድ ትልቅ ሆድና አራት ተሸካሚ ነበሩት፤ ባንድ ሲመጣ ስፒከሩን፣ ድራሙን፣ የሽቦውን ጥቅልል እናወርዳለን፣ ሲያልቅ መልሰን እንጭናለን። ዛሬ ልጆቹ ሙዚቃን ኪሳቸው ውስጥ ከተው ይዞራሉ። ያኔ ሙዚቃ ክብደት ነበረው፤ ወገቤን ጠይቁት።

የሺን ያገኘኋት ሐሙስ ቀን ነው። ሁሉም ሰው ሁሉንም ሰው የሚያገኘው ሐሙስ ነበር። ሰው ቤት ተቀጥረው የሚያድሩት እህቶቻችን ሐሙስ ከሰዓትና እሁድ ይለቀቃሉ፤ ሐሙስ የወጣች ራት ሳይቀርብ መመለስ አለባት። ስለዚህ ሐሙስ ምሳ ካለፈ በኋላ ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ያለው አደባባይ የኛ ነው። ቀጣሪ ሲኞራዎቻቸው ለብሰው የጠገቡትን ካፖርት ደርበው ይመጣሉ፤ አንገቱ ላይ ጠጉር ያለው፣ የብል መድኃኒት የሚሸት፣ ክንዱ ላይ የረዘመ። ያ ሽታ ዛሬም ካፖርት መስቀያ ስከፍት ሲመጣብኝ ልቤ ሐሙስ ይመስለዋል። ጥግ ላይ ሱፕሊ የሚጠብስ ሰውዬ ነበር፤ ከሩዝ የሚሠራ፣ ውስጡ አይብ ያለው፣ ሲገምጡት የሚለጠጥ። ከተማው ሳንቲም ጠፍቶበት ስለነበር ቡና ጠጥታችሁ መልስ የሚሰጧችሁ በከረሜላ ነው። ያን ቀን የቡናዬን መልስ፣ ሁለት የሎሚ ከረሜላ፣ አረንጓዴ ካፖርት ለለበሰች አንዲት ቀጭን ልጅ ዘረጋሁላት።

«ሥራህ ምንድነው?» አለችኝ ከረሜላውን ሳትቀበል።

«ሙዚቃ ውስጥ ነኝ።»

«ዘፋኝ ነህ?»

«አይደለሁም። ግን እኔ ካልመጣሁ ዘፋኙ አይዘፍንም።»

«ዘበኛ ነኝ በላ» አለችና ሁለቱንም ከረሜላ ወሰደች።

የሺ የእሪ በከንቱ ልጅ ናት። አዲስ አበባ ጋራዥ የነበራቸው ጣልያኖች ቤት ትሠራ ነበር። ቤቱም ጋራዡም ሲወረስ ሰዎቹ ሻንጣቸውን አነሱ፤ ልጆቻቸው የየሺን ቀሚስ ይዘው አንለቅም አሉ፤ አብራ መጣች። እናቷ ወይዘሮ አሰገደች ግን አልፈቀዱም። «በዚህ ክፉ ቀን ጥለሽኝ ከሄድሽ ልጄ አይደለሽም» ብለዋታል። የሺ የወጣችው እናቷ ለቅሶ ቤት በዋሉበት ቀን ነው። ከዚያ ወዲህ ጫማ ስትልክ ለጎረቤት ይሰጣል፣ ሻርፕ ስትልክ ተጠቅልሎ ይመለሳል፣ ሰላም በሉልኝ ብላ ሰው ስትልክ «የማን ልጅ ናት?» ነው መልሱ።

ወይዘሮ አሰገደች በሰፈሩ የሚታወቁት በእልልታቸው ነው። እሳቸው አፋቸውን ሳይከፍቱ ሙሽራ ከቤት አይወጣም ነበር አሉ። ወፍራም፣ ረጅም እልልታ ሆኖ መጨረሻው ላይ እንደ መሀረብ ጫፍ ወደ ላይ እጥፍ ይላል። ያቺን እጥፋት የሺ ወርሳለች፤ ልጅ ሆና ጎረቤት እንዳይሰማት አፏን ድስት ውስጥ ከታ ነበር የምትለማመደው። ልጅቷ ከሄደች ወዲህ ግን እናትየው እልልታ አቆሙ። ሰርግ ይጠራሉ፣ ይቀመጣሉ፣ ይበላሉ፣ አፋቸው ለእልልታ አይከፈትም። ይሄን ከአገር ቤት የመጣ ሰው ነገራትና የሺም አቆመች። ሮማ ውስጥ ከመሀላችን አንዷ ስታገባ ወይ ስታስጠምቅ ሴቶቹ ሁሉ እልል ሲሉ እሷ ታጨበጭባለች። «እማዬ ዝም ብላ እኔ በምን አፌ» ትላለች። እኔ ደግሞ ያኔ ምላሴ አያርፍም፣ «እሪ በከንቱ ተወልደሽ ዝምታን ማን አስተማረሽ?» አልኳት። በሚቀጥለው ሐሙስ ሰላም ያለችው ሱፕሊ ጠባሹን ብቻ ነው።

እንግዲህ ሸክላዋ እንዴት እንደተሠራች ልንገራችሁ። ቴርሳ ሉና የሚባል ባንድ ነበር፤ አምስት ጠጉራቸው ወገባቸው የደረሰ ልጆች። ያን ዘመን ጣልያን ወጣት ሁሉ ያብድላቸዋል። ሸክላ አውጥተዋል፣ ግን ሁሉም ስቱዲዮ ውስጥ የተቀዳ ነው፤ ስለዚህ ሙዚቃ አውቃለሁ የሚለው ሁሉ «እነዚህ በማሽን ነው እንጂ ሕዝብ ፊት አይችሉም» ይላቸዋል። ይሄ አንገብግቧቸው ሕዝብ ፊት እየተጫወቱ ሊቀዱ ወሰኑ። ዳል ቪቮ ይሉታል እነሱ። ሮማ ውስጥ አንድ ትልቅ አዳራሽ ተያዘ፤ ያኔ እንደ ሲኒማ በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ ይጫወቱ ነበር፣ አንዴ ከሰዓት፣ አንዴ ማታ። ሁለቱንም ይቀዱና የተሻለውን ይመርጣሉ። ቀኑ ሐሙስ ነው። ይሄ ደግሞ የእግዚአብሔር ሥራ ነው፤ ረቡዕ ቢሆን ኖሮ ይሄን ሁሉ አታነቡም ነበር።

ውጭ የቆመች፣ ውስጧ በመቅጃ የተሞላች ፉርጎኔ የሚሏት ዝግ መኪና አለች። እሷ ውስጥ ፋብሪዚዮ የሚባል የድምፅ ሰው ጆሮው ላይ ሁለት ስኒ የሚያህል ማዳመጫ ደፍቶ ይቀመጣል። ቀጭን ነው፣ ቁጡ ነው፣ ሰው ሲያስነጥስ ይሰቀጥጠዋል። ለኔ ሁለት ማይክ ሰጠኝ፤ የሕዝቡን ጭብጨባ የሚይዙ። «ሰገነቱ ጫፍ ላይ እሰራቸው፣ ከሰው ራስ ከፍ አድርገህ» አለኝ። አሰርኳቸው። እንዲህ ያሰረ የለም፤ ሶር ናንዶ እንኳን ሆዱን አዙሮ መጥቶ አየልኝ። ከዚያ ወርጄ የሺን በጓሮ በር አስገባኋት። ቲኬት የለም፣ ወንበር የለም፤ ያለው ሰገነቱ ጫፍ የቀረ አንድ ባዶ የዕቃ ሳጥን ነው፣ ከአንዷ ማይክ በታች። እዚያ አስቀመጥኳት። ማይኳ ለሕዝብ ናት፣ የሺም ሕዝብ ናት፣ ቫ ቤኔ።

አንድ ነገር ደግሞ ማወቅ አለባችሁ። የኛ ፋሲካ ካለፈ ሳምንት አልሞላውም ነበር። የዚያን ዓመት ከነሱ ፋሲካ ጋር ስላልገጠመ ሲኞራዋ እሁዱን እንኳን እንግዳ አለብኝ ብላ አልለቀቀቻትም፤ የሺ ትንሣኤን ያሳለፈችው አንሶላ ስትተኩስ ነው። ቦርሳዋ ውስጥ ግን ነጠላዋ ነበረች፤ እሁድ ልትለብሳት አውጥታ ሳትለብሳት የቀረች።

ባንዱ ሲጀምር የሺ ሁለት ጣቷን ጆሮዋ ውስጥ ከተተች። «ይሄ ሰውዬ ከድራሙ ጋር ምን ጠብ አለው?» ትለኛለች። ሦስተኛው ዘፈን ላይ ጣቷን አወጣች። አምስተኛው ላይ እግሯ ሳጥኑን ቀስ እያለ ይመታ ጀመር፤ እኔ አላየሁም ብዬ ወደ ሌላ ዞርኩ። ከዚያ ድራመኛው እንጨቱን አስቀመጠ፣ መብራቱ ሁሉ ጠፋ፣ አንድ ጊታርና አንድ ድምፅ ብቻ ቀረ። ባሕር ዳር ስለቀረች አንዲት ቤት ነው የሚዘፍነው፤ መስኮቷን ማን ይከፍትላታል እያለ። አዳራሹ ጸጥ አለ። ያኔ ከታች አንድ ሰው ላይተሩን ለኮሰና ወደ ላይ ያዘ። ቀጥሎ ሌላው። ያን ጊዜ ጣልያን የማያጨስ የለም፣ ላይተር የሌለው የለም። ከፊት ወደ ኋላ፣ ከታች ወደ ሰገነቱ አንዱ ከአንዱ እየተቀባበለ ጨለማው በትንንሽ እሳት ሞላ።

የሺን አየኋት። ቆማለች። ነጠላዋን ከቦርሳዋ አውጥታ ራሷ ላይ ጣል አድርጋለች። «ምን ሆንሽ?» አልኳት፤ አልሰማችኝም፤ ፊቷ ላይ ያ ሁሉ እሳት ይወዛወዛል። አፏን በእጇ ከለል አደረገችና እልል አለች።

እኔ እልልታ ሰምቼ አውቃለሁ። እንደዚያ ያለ ግን አልሰማሁም። ስንት ዓመት ታፍኖ የቆየ ነው የወጣው። በዚያ ጸጥታ ላይ ከሰገነቱ ተነስቶ ጣሪያውን ዞረ። ዘፋኙ ዓይኑን እንደጨፈነ የያዛትን ቃል ሳይለቅ ጎተታት። የሺ መጨረሻው ላይ ልታጥፈው ስትል ሰው ሁሉ ዞሮ ሲያያት ደነገጠች፣ ቶሎ ቆረጠችው። ያኔ ጊታሪስቱ ቀና አለና እሷ የቆረጠችውን ጫፍ በክሩ ላይ በቀጭኑ አነሳው። ከዚያ በኋላ አዳራሹ ፈነዳ ብላችሁ አላጋነንኩም።

የሺ ሳጥኑ ላይ ዘፍ ብላ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። «ምን አደረግኩ?»

«እልል አልሽ።»

«ጧፍ መስሎኝ» አለች። «ጌቱ፣ ፋሲካ መስሎኝ እኮ ነው።»

ሲያልቅ ፋብሪዚዮ ማዳመጫው አንገቱ ላይ እየተንጠለጠለ ከፉርጎኔዋ ወጣ። «ያንን ነገር ማነው ያስገባው?» ይላል። ሶር ናንዶ «የቱን ነገር?» ይለዋል፣ እያወቀ። «ያንን ሳይረን። ጆሮዬን ሰነጠቀው። የዓመቱን ምርጥ ቅጂ አበላሸብኝ።» እኔ ያኔ ዝም ማለት ያልፈጠረብኝ፣ ደረቴን ነፍቼ «ሳይረን አይደለም፣ እጮኛዬ ናት» አልኩት በጣልያንኛ። የሺ ከኋላዬ ቆማለች። ጣልያንኛዋ የኩሽና ነው፣ ያቺን ቃል ግን ታውቃታለች። እስከዛሬ «እኔን ሳትጠይቀኝ ለፋብሪዚዮ ነገርከው» ትለኛለች። እሷን ራት ሳይቀርብ አውቶቡስ ላይ አሳፍሬ ተመለስኩ። ፋብሪዚዮ የማታውን ነው የምንወስደው ብሏል። የማታው ደርሶ ያው ዘፈን መጣ፣ ያው ላይተር በራ። ዘፋኙ ግን እዚያች ቦታ ላይ ሲደርስ ቃሏን ይዞ ወደ ሰገነቱ ቀና አለ። ጠበቀ። የሚመልስለት አልነበረም። የሺ ያኔ ፓሪዮሊ ሰፈር ሳህን እያጠበች ነው።

ሸክላዋ ስትወጣ የከሰዓቱን አድርገውታል። ከነየሺ። የባንዱ ልጆች ናቸው አሉ እንቢ ያሉት፤ ፋብሪዚዮ ሊቆርጠው መቀሱን አንስቶ ነበር። ወይኔ ያን ጊዜ ብታዩ ሮማን። ከየመስኮቱ እሷው ናት፤ ልብስ ሲያሰጡ፣ መኪና ሲያጥቡ፣ ጸጉር ቤት። በማሽን ነው ያሉት ሁሉ አፋቸውን ያዙ። ባር ውስጥ ደግሞ ክርክሩ ሌላ ነው፤ ያ ድምፅ ምንድነው? አንዱ «አዲስ የመጣ የኤሌክትሪክ መሣሪያ ነው» ይላል። አንዱ «የሕንድ ወፍ ነው፣ በቴፕ ያጫወቱት» ይላል። አንድ መነጽር ያደረገ ተማሪ የባቡር ፍሬን ነው ብሎ ከሥልጣኔ ጋር አያይዞ ለግማሽ ሰዓት አስረዳን። እኔ «እጮኛዬ ናት» እላለሁ፤ የባሩ ሰውዬ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ ከረሜላ ይሰጠኛል። የሺ እንኳን ገና እሺ አላለችኝም፤ ይሄን ግን ለባሩ አልተናገርኩም።

ያኔ ሸክላ ቤቶች ውስጥ ማድመጫ ጠባብ ሳጥን ነበር፣ ሁለት ሰው ገብቶ ትከሻ ለትከሻ የሚቆምበት። ለምን እንደወሰድኳት ይገባችኋል። ማዳመጫው አንድ ነው፣ አንዱን ጆሮ እሷ፣ አንዱን እኔ። መጀመሪያ እልልታው ሲመጣ ፊቷን ሸፈነች። ከዚያ «መልሰው» አለች። እንደገና ሰማችና ማዳመጫውን ከጆሮዋ አወረደች። «የእማዬ ነው» አለችኝ። «የኔ ድምፅ አይደለም፤ የእማዬ ነው። ጫማ መለሰችብኝ፣ ሻርፕ መለሰችብኝ። ይሄን ግን የራሷን ነው የምልክላት።» በካሴት የወጣውን ገዛን።

የሚያደርስልን ጋሼ ሙሉጌታ ነበሩ፤ እዚህ ዓለም አቀፍ መሥሪያ ቤት ውስጥ የሚሠሩ፣ እሁድም ክራቫት የሚያስሩ የተከበሩ ሰው። የሥራ ጉዞ ወደ አዲስ አበባ አላቸው ሲባል የሺና እኔ ቤታቸው ሄድን።

«ፖለቲካ አለበት?» አሉ ካሴቱን በሁለት ጣት ይዘው።

«የለበትም ጋሼ። ጩኸት ብቻ ነው።»

«ጩኸትም እኮ ዘንድሮ ፖለቲካ ነው። ፈታሽ ምንድነው ቢለኝ ምን ልል ነው? ሰምቼ ነው የምወስደው።»

ከመጀመሪያው ጀምሮ ሰሙ። ሶፋቸው ላይ ቀጥ ብለው፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው። «ይሄን ድራም የሚመታው ልጅ እናት የለውም?» አሉ አንዴ። ያ ዘፈን መጣ። እልልታው ሲነሳ መነጽራቸውን አወለቁ። ካለቀ በኋላም መልሰው ለማድረግ ጊዜ ወሰደባቸው።

«ሰፈራችሁ የት ነው ልጄ?»

«እሪ በከንቱ ነው ጋሼ። ወይዘሮ አሰገደች ብለው ቢጠይቁ ሁሉም ያውቃቸዋል።»

«አደርሳለሁ» አሉ። «እንቢ ካሉኝ ግን አላስገድዳቸውም።»

ሲመለሱ ካሴቱ እጃቸው ላይ ነው። «እናትሽን አላገኘኋቸውም፣ ለጎረቤት ሰጥቼ ነበር» አሏት። «ልመለስ ስል ያው ጎረቤት ‹ይመልሱላት› ብሎ ሰጠኝ። ሌላ ያለኝ የለም።» የሺ እጅ ነስታ ተቀበለች። አውቶቡስ ተሳፈርን። መውረጃዋ ሲደርስ ካሴቱን እጄ ላይ አደረገችው። «ውሰደው» አለች። «ድራሙን የምትወደው አንተ ነህ።»

እኔ ደግሞ የዕቃ ሰው ነኝ፣ ነገር አገላብጬ ሳላይ አላስቀምጥም። ሱቅ የተገዛ ካሴት በጀርባው በኩል ሁለት ክፍት ቀዳዳ አለው፣ ሰው በላዩ እንዳይቀዳበት። መቅዳት የፈለገ ቀዳዳውን ይደፍነዋል። የየሺ ካሴት ቀዳዳው ተደፍኗል። በቢጫ ሰም። አሸተትኩት፤ የጧፍ ሰም ነው። ሰው ቀድቶበታል ማለት ነው፤ ብቻዬን ግን ልሰማው አልደፈርኩም።

እሁድ ቀን በትንሿ ባቡር ኦስቲያ ወረድን። ሐምሌ ነው፣ ያ የኦስቲያ ጥቁር አሸዋ እግር ያቃጥላል፣ ሐብሐብ የሚሸጠው ሰውዬ ይጮሃል፣ ከየጃንጥላው ሥር የየራሱ ሬዲዮ አለ። የኔ ቴፕ ትልቅ ናት፣ በባትሪ የምትሠራ፤ ትከሻዬ ላይ ተሸክሜያት ሳልፍ ሰው መንገድ ይለቃል። ካሴቱን ስከት የሺ አየችኝ።

«እሱን አታጫውት።»

«ለድራሙ ነው።»

«ጌቱ፣ እባክህ።»

«አንዴ ብቻ። ከዚያ ባሕር ውስጥ እወረውረዋለሁ፣ አንቺ ፊት።»

ጀርባዋን ሰጥታኝ ወደ ባሕሩ ዞረች። ዘፈኑ መጣ። ጊታሩ፣ ባሕር ዳር የቀረችው ቤት፣ ከዚያ የሺ፣ ከሰገነቱ ላይ። እልልታው እንዳለቀ ቀጭ አለ። ጊታሩ የለም። ዶሮ ይጮሃል። የአንድ ወጣት ድምፅ፣ «እማማ አሰገደች፣ ቀይዋን ቁልፍ ተጭኛታለሁ፣ እልል ይበሉ።» ከዚያ ወፍራም የሴት ድምፅ፣ «ዝም በል አንተ። ለኔ ነው እልል በዪ የሚባለው?»

የሺ ዞረች።

ትንፋሽ ተሰማ፣ ረጅም፣ ከሆድ የሚሳብ። ከዚያ እልልታው። ወፍራም ነው፣ አይቸኩልም፤ ሄደ፣ ሄደ፣ መጨረሻው ላይ ቀስ ብሎ ወደ ላይ ታጠፈ። ከኋላ የግቢው ሴቶች ተከተሉ። እነሱ ሲያበቁ ያው ወፍራም ድምፅ ወደ ቴፑ ቀረብ አለ። «የሺ፣ ሰምቼሻለሁ። መጨረሻው ላይ ቸኮልሽ። ማን ነው የሚያሯሩጥሽ?» ቀጭ። ባንዱ ከቃል መሀል ቀጠለ፣ ድራሙ ገባ።

የሺ አሸዋው ላይ ተንበርክካ ቴፗን አንስታ እንደ ሕፃን አቀፈቻት፤ ድራሙ ደረቷ ላይ ይመታል። አጠገባችን ጃንጥላ ሥር የተኛ ሰውዬ ቀና ብሎ «ይሄ ቴርሳ ሉና አይደለም እንዴ? እዚህ ላይ እንዲህ ነበር?» አለኝ። «አዲሱ ቅጂ ነው» አልኩት። እሷ «ድገመው» ትላለች፣ እደግመዋለሁ። ባትሪው እየደከመ ሲሄድ የእናቷ እልልታ ይበልጥ ወፈረ፣ ይበልጥ ዘገየ፤ እንደውም ያኔ ነው ደስ ያላት፣ ቶሎ ስለማያልቅባት። ባቡር ውስጥ ጭንቅላቷን ትከሻዬ ላይ አደረገች። «ለፋብሪዚዮ የነገርከው ነገር፣ እሺ» አለችኝ።

ሰርጋችን ላይ ሙሽራዋ ከቤት ስትወጣ መጀመሪያ እልል ያሉት ወይዘሮ አሰገደች ናቸው፣ በባትሪ። እናትና ልጅ ግን በአካል አልተገናኙም። የሺ ወረቀቷ ሲሟላ አገር ቤት መንገዱ አልመች አለ፤ መንገዱ ሲከፈት እሳቸው አረፉ። መርዶዋን ሰምታ አልቅሳ ሲበቃት ካሴቱን አምጣ አለች። ስንት ዓመት ልደት፣ ጥምቀት፣ የልጆቹ ፈተና ማለፍ፣ ሁሉም በሳቸው እልልታ ነበር። በኋላ መኪና ገዛሁ፣ አሮጌ፤ ከነልጆቹ ወደዚያው ወደ ኦስቲያ ስንሄድ የመኪናው ቴፕ ካሴቱን በላው። መንገድ ዳር አቁሜ ያንን ክር በእርሳስ ስጠቀልል ዋልኩ። የተጨማደደ ክር ግን ምን ብትለምኑት አይሰማም። የሺ ቁራጩን በመሀረብ ቋጥራ አስቀምጣዋለች። ያለ ማጫወቻ ታቅፈዋለች አልላችሁም፤ ግን የት እንዳለ ታውቃለች።

ሸክላ ሻጩ ሽማግሌ መርፌውን አስቀመጠ። የእሁድ ገበያ ነው፣ ካልሲ የሚሸጠው ይጮሃል፣ የሸክላዋ ድምፅ ግን ልክ ትናንት ካሰርኩት ማይክ የሚመጣ ይመስላል። አጽድተውታል፣ የአዳራሹ ሳል ሁሉ የለም። ባሕር ዳር የቀረችው ቤት መጣች። ከዚያ የሺ መጣች፣ የሃያ ዓመቷ፣ ነጠላዋን ራሷ ላይ ጣል ያደረገችው። የኔዋ የሺ ክዳኑን ደረቷ ላይ እንደያዘች ራሷን ትንሽ ዘንበል አደረገች። እልልታው ተቆረጠ፣ ጊታሩ ጫፉን አነሳ፣ ዘፈኑ ቀጠለ።

የሺ ቀና አለች። ጠበቀች።

«እማዬን ቆረጧት» አለች።

ታውቃለች እኮ። ሸክላዋ ላይ እናቷ ኖረው እንደማያውቁ ከኔ በላይ ታውቃለች። ጆሮ ግን የለመደውን ነው የሚጠብቀው። ወንድ ልጅ እልል አይልም፤ ቢልም በዚህ ዕድሜ፣ በዚህ ጥርስ፣ ገበያ መሀል አይልም። ሽማግሌውን «መልሰው» አልኩት። መርፌዋን ወደ ኋላ መለሰ። የሺ እልል ብላ እንደጨረሰች አፌን በእጄ ከለልኩና እልል አልኩ። ካልሲ ሻጩ ዝም አለ። ሽማግሌው መርፌውን አነሳው። አንዲት ሴትዮ ውሻዋን ወደራሷ ሳበች።

የሺ በድስቱ ክዳን ፊቷን ጋርዳ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፤ ሳቅ ይሁን ሌላ አላወቅኩም። ቀስ ብላ ክዳኑን ዝቅ አደረገች። ዓይኗ ረጥቧል።

«መጨረሻው ላይ ቸኮልክ» አለችኝ። «ማን ነው የሚያሯሩጥህ?»